የማልተስ ሐሳብና የጓሳ ሣር

ስለ ሕዝብ ብዛት በተነሣ ቁጥር የማልተስ ስም ይጠራል። እኛም በዲፓርትመንታችን ተምረነዋል፤ አብዛኞቻችን ግን ለፈተና ያህል ሁለት መስመር ሸምድደን ነው ያለፍነው፤ ሕዝብ በብዜት ያድጋል፣ ምግብ በድምር ያድጋል፣ አለቀ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቆም ብዬ እንዳስብበት ያደረገኝ የትውልድ አገሬ የመንዝ ነገር፣ በተለይም የጓሳ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ማልተስ ያለውን ባጭሩ ላስታውስና ወደዚያው እመለሳለሁ።

ቶማስ ሮበርት ማልተስ እንግሊዛዊ ቄስና ኢኮኖሚስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1766 ተወልዶ በ1834 ሞቷል። ስለ ሕዝብ ቁጥር የሚያወሳውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1798 ሲያወጣ ስሙን እንኳ አልጻፈበትም። በዚያ ዘመን እነ ጎድዊንና ኮንዶርሴ የሰው ልጅ ኑሮ ያለ ገደብ እየተሻሻለ እንደሚሄድ ይናገሩ ነበር፤ ማልተስ የተነሣው እነሱን ለመሞገት ነው። የሚገታው ነገር ካልገጠመው ሕዝብ በየ25 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ። የምግብ ምርት ግን ቢበዛ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ነው የሚጨምረው። ሁለቱ እኩል ሊራመዱ ስለማይችሉ ወይ ረሃብ፣ በሽታና ጦርነት ሕዝቡን ይቀንሱታል፣ ወይ ሰው ራሱ ጋብቻን አዘግይቶ ጥቂት ልጅ ይወልዳል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ይበልጥ ያጎላው እ.ኤ.አ. በ1803 ባወጣው ሁለተኛ እትም ላይ ነው። የወሊድ መከላከያን ግን አይደግፍም ነበር፤ መቼም ቄስ ነውና።

25 ዓመት የሚለውን ቁጥር ያገኘው ባዶ መሬት ከሞላባት ከሰሜን አሜሪካ ነው። የእኛን አገር ስናይ ደግሞ በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ሕዝቡ ኤርትራን ሳይጨምር 40 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሦስተኛው ቆጠራ 74 ሚሊዮን ያህል ሆነ። በ23 ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን የቀረው ትንሽ ነው። ያውም ባዶ መሬት ሳይኖር!

እንግዲህ ማልተስ ልክ ነበር ብሎ መደምደም ይቻል ይሆናል። እኔ ግን ሁለት ነገር ይከለክለኛል። አንደኛው የታሪካችን ክፉ ቀን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ የሕዝቡ ቁጥር ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። መሬት ሞልቶ ነበር፤ ከውጭ የገባው የከብት በሽታ በሬውን ስለፈጀው ነው የሚታረስበት የጠፋው። የወሎን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ ያጠናው አማርትያ ሴንም የአገሪቱ የምግብ ምርት ያን ያህል ሳይወድቅ ሰው የተራበው መግዣ አቅም ስላጣ መሆኑን አሳይቷል። ሁለተኛው ጓሳ ነው።

ጓሳ በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ደጋማ ሣር ምድር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ለመንዜ ግን ጓሳ ማለት በመጀመሪያ ሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል። ጨረንፌው ደግሞ ለማገዶ ይሆናል።

ይህ ሣር በዙሪያው ካለው ሕዝብ ተርፎ ለዛሬ የደረሰው በአጋጣሚ አይደለም። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው (ስሙ በኋላ ዘመን በፖለቲካ ከሰማነው ቄሮ ጋር አይምታታብን)። የመጠቀም መብቱ አስቦና ጌራ የሚባሉት የጥንት አቅኚ አባቶች ዘር ለሆኑ ባለርስቶች ነው። ባለመብቶቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። እሱ ጓሳን ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፣ ከብትም አይሰድም። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲያስገድድ ይከፈታል። ሲከፈትም ተራ አለው፤ መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፣ ክረምቱ ሲመጣ ሁሉም ለቆ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያንም ከሥርዓቱ ጀርባ ስለነበረች ሕጉን መጣስ ከአለቃው ጋር ብቻ የሚያጣላ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የጋራ የሆነ ግጦሽ ሁሉ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ሲጽፍ፣ ጓሳ በጋራ ተይዞ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አስቆጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በሚያወጡት ደንብ ሊጠበቅ እንደሚችል ያሳየችው እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን አጥንታ ነው። የማልተስ ስሌት ውስጥ መሬትና አፍ አሉ፤ አባ ቄራ ግን የለም።

እዚህ ላይ ብቆም ጽሑፌ ያማረ ይሆን ነበር። ነገር ግን የእናቴ አባት ከመርሐቤቴ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። አስቦም ጌራም ዘራቸው አይደለም። ጓሳ በተከፈተ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ማጭዱን ስሎ ሲወጣ እሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው ነበር የሚሸምኑት። የቤታቸውን ክዳን ሣር የሚያገኙት ከባለርስቶቹ ገዝተው ነው፤ ካልሆነም ጋቢ ሠርተው ይለውጡ ነበር። «ሣሩን በዓይኔ እያየሁ እገዛዋለሁ» ይሉ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች።

ማልተስ በሁለተኛው እትሙ ላይ ብዙ የተወቀሰበት አንድ ቦታ አለ። ወላጆቹ የማያበሉት፣ ጉልበቱንም የሚገዛው ያጣ ድሃ በተፈጥሮ ግብዣ ላይ መቀመጫ እንደሌለው፣ ተፈጥሮም ተነሥ ውጣ እንደምትለው ጽፎ ነበር። በኋላ እትሞቹ ላይ አውጥቶታል። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ አያቴ ናቸው። ግን እሳቸውን ውጣ ያላቸው ተፈጥሮ አልነበረም፤ የሰው ደንብ ነው። ያው ሣሩን ያቆየው ደንብ። ስለ ቄሮ በአድናቆት የሚጻፉ ነገሮች ይህችን ቶሎ ብለው ያልፏታል፤ የተጠቃሚውን ቁጥር ከወሰኑት ነገሮች አንዱ እኮ የዘር ሐረግ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም መሠረቱ ተናጋ። አያቴ ያን ዓመት በራሳቸው ማጭድ አጨዱ። ለእሳቸው ፍትሕ ማለት ያ ነበር፤ እኔም ስህተት ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም። ለሣሩ ግን ጥሩ ጊዜ አልነበረም። ጠባቂ አለቃ ሲጠፋና ባለመብቱ ሲበዛ አጨዳውም ግጦሹም በረታ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች በወከሏቸው ሰዎች ይተዳደራል፤ እየተዘጋ ይከፈታል። መብቱ ከዘር ወደ ነዋሪነት ዞሯል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ገደቡ ቀርቷል፣ የውጣ ደንቡ ግን ተለውጧል።

ሆኖም ማልተስን ጨርሶ አላሸነፍኩትም። ሣር ታጭዶ ይበቅላል፤ የእርሻ መሬት ግን ተከፍሎ አይበቅልም። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ መሬት የሚያገኘው ከወላጁ ድርሻ ተቆርሶለት ነው። የወሊድ መጠን እየወረደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ የነበረው በ2016 ወደ 4.6፣ በአማራ ክልል ደግሞ ወደ 3.7 ዝቅ ብሏል። ማልተስ እንዳለው በረሃብ ሳይሆን በሰው ምርጫ፣ እሱ ባልወደደው መከላከያም ጭምር። ነገር ግን የተወለደው ተወልዷል።

ታናሽ ወንድሜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሚስት አግብቷል፣ መሬት የለውም። ባለፈው ለበዓል ስሄድ «ጓሳን ለቀበሮ ከሚያስቀምጡት ግማሹን ለኛ ቢሰጡን ምን ነበረበት?» አለኝ። በዚያ ብርድ ገብስ ስንት ዓመት እንደሚሰጥ፣ ሣሩ ከተገለበጠ ከታች ያሉት ምንጮች ምን እንደሚሆኑ፣ የተማርኩትን ሁሉ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለ። «ግን እኔ የት ልረስ?»

እስካሁን አልመለስኩለትም።