ለመንገድም ሐቅ አለው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡ አስተምረዋል፤ ከሐቁም አንዱ ሰውን አለመጉዳት ነው። ይህን ትምህርት በኮሮና ዘመን ከሆነው ጋር ላገናዝበው።

በሽታው በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ መጨናነቁ ስላሰጋ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው ተለቀቀ፤ ገበያውም እኔ ወደምኖርበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ወደ ኃይሌ ጋርመንት መጣ።

ሜዳ ግን በየሰፈሩ የለም፤ በየሰፈሩ ያለው መንገድ ነው። ባለ አንድ ክፍል ቤት ቤተሰብ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቅ ቢባል ከደጃፉ ሌላ ወዴት ይሄዳል? የኮሎምቢያዋ ቦጎታ በዚያው መጋቢት ከመኪና መንገድ ቀንሳ ለብስክሌት ጊዜያዊ መስመር ከፈተች። እኛም ከ2011 ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብለን ጎዳና ለመኪና ዘግተን እናውቃለን።

እንግዲህ ልምዱ ለእሑድ ስፖርት ብቻ አይቅር። የትኛው መንገድ ለመኪና እንደሚዘጋ፣ የጉሊት ነጋዴዎች ተራርቀው የት እንደሚዘረጉ፣ አምቡላንስ በየት እንደሚያልፍ ወረዳውና ነዋሪው ዛሬ ይምከሩበት። በሽታ ከገባ በኋላ መመካከሪያ ጊዜ አይገኝም።