ስለ ነዳጅና ስለ ሞተር ዘይት ማሻሻያ ቅመሞች

በመለዋወጫ ዕቃ መደብሮች መደርደሪያ ላይ፥ ከሞተር ዘይቱ ቆርቆሮ አጠገብ፥ ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረው ይታያሉ። በአንዱ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል፥ በሌላው ላይ ለሞተር ጉልበት ይጨምራል፥ በሦስተኛው ላይ ያረጀውን ሞተር ያድሳል የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ይህን ሸቀጥ የሚያስመጣም ሆነ የሚቸረችር ነጋዴ ሁለት ነገር አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል፤ ይኸውም ቅመሙ ከምን እንደ ተሠራና ለምን ሥራ እንደ ታሰበ ነው። የተባለው ሳይሆን ሲቀር ደንበኛው ተቈጥቶ የሚመጣው ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ባለ ሱቁ ነውና።

ቅመም ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። ጥቂት ቅመም ታላቅ ሥራ እንደሚሠራ፥ ታላቅ ጉዳትም እንደሚያመጣ የእርሳስ ታሪክ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የቤንዚን ሞተር ቤንዚንና አየርን አምቆ በካንዴላ ብልጭታ ያነዳል። ነበልባሉ ሳይደርስበት ከፊሉ ድብልቅ ከግፊትና ከሙቀት ብዛት በራሱ ሲነድ፥ ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ያንኳኳል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፥ ፒስተኑም ይጎዳል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቶማስ ሚጅሊ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ብዙ ነገር ከፈተነ በኋላ፥ በ1921 ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውሕድ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ማንኳኳቱን እንደሚያስቀር አገኘ። በ1923 በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ ለሽያጭ ቀረበ። ይሁን እንጂ እርሳሱ ሲነድ የሚተወው ዝቃጭ በካንዴላና በቫልቭ ላይ ስለሚጋገር፥ ያንን ጠርጎ የሚያወጣ የብሮሚን ውሕድ ደግሞ መጨመር ግድ ሆነ፤ አንዱ ቅመም ሌላውን ጠራ። የከፋው ግን በሰው ላይ የደረሰው ነው። በኦክቶበር 1924 በኒው ጀርሲ ቅመሙን ያዘጋጁ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ በመርዙ ሞቱ። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ከተረጋገጠ በኋላ አገሮች እየተከታተሉ ተዉት፤ ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች እስከ 2005 መጨረሻ፥ ከሁሉም በኋላ አልጄሪያ በ2021 ለመኪና መሸጡን አቆሙ።

ቤንዚን ማንኳኳትን የሚቋቋምበት መጠን በኦክቴን ቍጥር ይለካል። ቍጥሩ ከፍ አለ ማለት በራሱ እሳት ከመያዝ ይታገሣል ማለት እንጂ፥ ብዙ ሰው እንደሚያምነው ቤንዚኑ የበለጠ ጉልበት አለው ማለት አይደለም። ደግሞም አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውም ያንሳል። በአሜሪካ በሮኪ ተራሮች አካባቢ 85 ኦክቴን ቤንዚን ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ካርቡራተር ያላትን አሮጌ መኪና በዚህ ከተማ ለሚነዳ ደንበኛ የኦክቴን ማሳደጊያ መሸጥ፥ ለጠገበ ሰው እንጀራ እንደ ማቅረብ ነው። ቱርቦ ያላት መኪና ግን አየሩን በኀይል ስለምትሞላ በዚህ ሒሳብ አትገባም።

የናፍጣ ነገር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የናፍጣ ሞተር በብልጭታ ሳይሆን በታመቀው አየር ሙቀት ስለሚያነድ፥ ነዳጁ ሳይዘገይ እሳት ሊይዝ ይገባል፤ ይህም በሴቴን ቍጥር ይለካል። ሴቴንን ከፍ የሚያደርገው የናይትሬት ቅመም በቤንዚን ውስጥ ቢገባ ማንኳኳትን ያመጣል። እንግዲህ ሁለቱን ዓይነት ጠርሙስ ቀላቅሎ የሚደረድር ባለ ሱቅ በደንበኛው ንብረት ላይ ይጫወታል።

የሞተር ዘይት ደግሞ ቆርቆሮው ገና ሳይከፈት ቅመም የገባበት ነው። የካልሲየም ውሕዶች ከነዳጁ መቃጠል የሚመጣውን አሲድ ያከሽፋሉ። ሌሎች ቅመሞች ጥላሸቱን በትነው በዘይቱ ውስጥ ይይዙታል፤ በናፍጣ ሞተር ዘይቱ ቶሎ ጠቈረ ብሎ ለሚያማርር ደንበኛ ይህ ሊነገረው ይገባል፥ መጥቈሩ ብቻውን የዘይቱን መጥፎነት አያሳይምና። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የተሠራበት የዚንክና የፎስፈረስ ውሕድም ብረት ከብረት በሚፋተግበት ስፍራ ስስ መከላከያ ይሠራል። ይህ ሁሉ በፋብሪካው ተመዝኖ የገባ ስለሆነ፥ ከላይ ሌላ ጠርሙስ ማፍሰስ ሚዛኑን ሊያፋልስ ይችላል፤ ፎስፈረስ ሲበዛም በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ ያለውን የጭስ ማጽጃ ያበላሻል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1990ዎቹ ዓመታት እንዲህ ያሉ የዘይት ቅመሞችን የሚሸጡ ልዩ ልዩ ኩባንያዎችን፥ የሞተርን መበላት ይቀንሳል ላሉት በቂ ማስረጃ አላቀረቡም ብሎ ከሷል። ለደንበኛው ከጠርሙሱ ይልቅ የሚጠቅመው የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አይቶ፥ በቆርቆሮው ላይ ያለው ደረጃ ከዚያ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ነው።

ኢንጀክተር የሚባለውን የነዳጅ መርጫ ከዝቃጭ የሚያጸዱት አጣቢ ቅመሞች ግን በሙከራ የታወቀ ጥቅም ስላላቸው ቢያስመጧቸው አያሳፍሩም። አስመጪው ትእዛዝ ከመላኩ በፊት የቅመሙን ዝርዝርና የአደጋ መከላከያ ወረቀቱን ከላኪው ይጠይቅ። መጠኑንም በአማርኛ አስጽፎ በጠርሙሱ ላይ ቢያስለጥፍ መልካም ነው፤ ለ60 ሊትር የተዘጋጀውን በ10 ሊትር ላይ የሚገለብጥ ሰው አይጠፋም።