ቅዳሜ ሙዚየም፣ እሑድ ሠርግ

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት አዲስ አበባ በየሳምንቱ መጨረሻ የመኪና ጡሩምባ ትሆናለች። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ በሃምሳው ቀን ውስጥ፣ ሠርጉ እንደገና ይጀምራል። በእነዚህ ወራት ከሐዋሳ፣ ከደሴ፣ ከጅማ ለዘመድ ሠርግ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ከተማዋን የሚያያት ከአክስት ቤት እስከ አዳራሹ ባለው መንገድ፣ በመኪና መስኮት ብቻ ነው። ልጆቹ ድንቅነሽን በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያውቋታል፤ እሷ ያለችበት ከተማ ሁለት ሌሊት አድረውም ሳያዩዋት ይመለሳሉ።

ጊዜ ጠፍቶ አይደለም። ሠርግ ያለበት ቤት የእንግዳውን ጊዜ እንዳለ ስለሚወስደው ነው። ሙዚየም ማየት የፈለገ ቤተሰብ ሰዓቱን ቀድሞ መያዝ አለበት፤ ሠርጉ እሑድ ከሆነ የሚያዘው ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት ነው። «ጊዜ ከተረፈን እናያለን» ያለ አያይም።

ከመነሳት በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ስልክ መደወል ነው። የጥሪ ካርድ የሚነግረው የአዳራሹን ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ለዘመድ የሚያስፈልገው ደግሞ የቤቱ ሰዓት ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እትዬ፣ ካርዱ ስድስት ሰዓት ይላል፤ ሙሽሮቹ እውነት ስንት ሰዓት ይገባሉ?» መልሱም የታወቀ ነው፦ «ስምንት ሰዓት ከገቡ ተመስገን ነው። እናንተ ግን የቤት ሰው ናችሁ፣ በሦስት ሰዓት እዚህ ተገኙ።» በዚያው ስልክ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ይጠየቃሉ። አንደኛው ተክሊል አለ ወይ የሚለው ነው፤ ካለ ሥርዓቱ ከቅዳሴ ጋር ስለሆነ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን መገኘት ይኖራል። ሁለተኛው የሙሽሮቹ መልስ መቼ ነው የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ የመመለሻ ትኬት የቆረጠ ሰው ወይ ትኬቱን ያቃጥላል፣ ወይ ዘመዱን ያስቀይማል።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያ ማየት ነው። ሠርጉ በኅዳር ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከወሩ እሑዶች በአንዱ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ይካሄዳል፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ጠዋት የመሃል ከተማው መንገድ የሯጮች ነው። ከመስቀል አደባባይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሠርገኛ በዚያ ቀን ሌላ መንገድ ቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ልብስ የራሱ ጣጣ አለው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱና ጥልፉ ወደ ውስጥ ገልብጦ፣ በነጠላ ጠቅልሎ ቢያዝ እምብዛም አይጨማደድም። ሠርግ ቤት ውስጥ ያለው ካውያ አንድ ነው፤ ወረፋው ደግሞ የእሑድ ጠዋት ወረፋ ነው፤ በመሃል መብራት የጠፋ እንደሆነ ማን ቀድሞ ደርሶ ነበር የሚለው ክርክር ይነሣል። ስለዚህ የሚተኮሰው ልብስ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይተኮሳል። ከሐዋሳ ለሚመጣ ሰው ሹራብም ግድ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ምሽቱ የሐይቅ ዳር ምሽት አይደለም።

ዓርብ

ከደቡብ መስመር የሚመጡት አውቶቡሶች ብዙዎቹ ቃሊቲ ያራግፋሉ። ከዚያ ወደ መሃል ከተማ የሚወስድ ቀላል ባቡር አለ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩት ሁለት መስመሮች አንዱ መነሻው ቃሊቲ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ጢም ብሎ ይሞላል። ሻንጣ፣ የተንጠለጠለ ሱፍና ሁለት ልጅ ይዞ መግባት ለማንም አይመከርም፤ የዚያን ቀን በስልክ የሚጠራ ታክሲ ተካፍሎ መሄድ ይሻላል።

ዓርብ ማታ ራት ላይ አንድ ወሳኝ ንግግር አለ። የቅዳሜው ጉብኝት በዚያ ሰዓት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ይነገራል። ጠዋት ጫማ እየታሰረ ከተነገረ «ቁርስ ሳትበሉ የት ትሄዳላችሁ?» ይመጣል፤ ቁርሱ ቡና ይጠራል፣ ቡናው ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ አራት ሰዓት ይሆናል። አክስትን የሚያስደስት አንድ ዘዴ አለ፦ የቤቱንም ልጆች ይዞ መሄድ። ሽንኩርት በጆንያ በተራገፈበት ግቢ ውስጥ ልጆችን ለግማሽ ቀን ገለል ያደረገ ዘመድ፣ ሠርጉን ካገዙት እኩል ይመሰገናል።

ቅዳሜ፦ ከአምስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚየም ሞልቷል፤ ለሠርገኛ ግን የሚሻለው በአንድ መንገድ ላይ የተደረደረው ነው። ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚያቀናው ዳገት ሁለት ሙዚየምና አንድ የልብስ ገበያ ይዟል። ወደ ኋላ መመለስ የለም።

መጀመሪያ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ሲኬድ ያለው። በመክፈቻው ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በር ላይ መገኘት ጥሩ ነው፤ ረፈድ ሲል የተማሪ ቡድኖች ይገባሉ፣ ምድር ቤቱም ይጨናነቃል። መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የመግቢያው ዋጋ የተለያየ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል የመጣ ዘመድ አብሮ ካለ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ በር ላይ ክርክር አይኖርም።

ልጆች ካሉ በቀጥታ ወደ ምድር ቤት መውረድ ነው። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው መሆኑን ለልጆቹ አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው። እውነተኛው አጽም በልዩ ጥበቃ የሚቀመጥ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሰላም ከተባለችው ሕፃን አጽም ጋር ወደ ቼክ ዋና ከተማ ፕራግ ለዐውደ ርእይ መሄዱ ሲሰማ ብዙ ያነጋገረውም ለዚህ ነው። ቅጂው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የተገኘው አጥንት ተጋድሞ፣ ሌላው ቆማ ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳይ። ከቆመችው አጠገብ ልጅ ማቆም ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የስድስት ዓመት ልጅ ትከሻ ለትከሻ ሊለካካት ይችላል። ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ልጆቹ ቤት ገብተው የሚያወሩት ይህን ነው። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲቂቃ ላይ ያገኛት ሰላምም የሕፃን አጽም በመሆኗ ልጆችን ትስባለች፤ ከድንቅነሽ በዕድሜ ትቀድማለች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ናት።

በላይኞቹ ፎቆች የነገሥታት አልባሳት፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትልቁ የእንጨት ዙፋንና የሥዕል ክፍል አሉ። ሁሉንም አነባለሁ ብሎ መቆም የቀኑን ዕቅድ ያፈርሳል። ዙፋኑና ሥዕሎቹ በቂ ናቸው፤ አራት ሰዓት ተኩል ሲል መውጣት ነው።

ከዚያ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው ዳገት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ይኬዳል። አደባባዩ ላይ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት፣ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሽስት ጦር በከተማዋ ላይ ለፈጸመው ጭፍጨፋ መታሰቢያ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የወረወሩት ከአደባባዩ ማዶ ባለው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሥራ ቀን ዘግይቶ ስለሚከፈት ሁለተኛ መደረጉ ልክ ነው። ከፊት ለፊቱ ወዴትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል፤ ጣሊያኖች እርከኖቹን በሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት ቁጥር ልክ የሠሩት ነው። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል፤ ከነጻነት በኋላ የተሰጠ መልስ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ለሠርገኛ ቤተሰብ ከሁሉ የሚበልጠው ሙዚየም ይህ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ቢዘጋ ሠርገኛው ብዙ አይጎዳም፤ ይህ ቢቀር ግን ይቆጫል። ዕቃው የተደረደረው በአካባቢና በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው የሕይወት ጉዞ ነው፤ ልደትና ልጅነት፣ ጉልምስና፣ በመጨረሻ ሞትና ቀብር። ጋብቻ መሃል ላይ ይመጣል። አንድ የእናት አክስት ወይም አያት አብረው ካሉ እዚህ ክፍል ውስጥ አስጎብኚ አያስፈልግም። የቤት ዕቃው፣ ጌጡ፣ ልብሱ ፊት ይቆማሉ፤ «እኔን በበቅሎ ነበር የወሰዱኝ» ይጀመራል፤ ስለ ጥሎሹ፣ ስለ ሚዜዎቹ፣ ስለ ጫጉላው ቤት ውስጥ ተጠይቀው ያልመለሱት ሁሉ ይወጣል። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ድምፁን ቢቀዱ አያት አይከፉም። ጉልበት ለሚያማቸው ግን ደረጃው ብዙ ስለሆነ በዝግታ መውጣት ነው።

በዚያው ሙዚየም የዐፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መኝታ ቤቶች እንደነበሩ ተጠብቀዋል። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም የፈሰሰበትም ይኸው ሕንፃ ነው፤ ከዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ከላይ ያለው የሥዕለ አድኅኖና የመስቀል ስብስብ የሚዘለል አይደለም። እዚህ ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንትን ለየብቻ ያየ ልጅ፣ እሑድ ማታ አዝማሪው መሰንቆውን ሲገዘግዝ ቀና ብሎ ያያል። በፍላሽ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ምሳ፤ ቀለል ያለ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ። ከዚያ በታክሲ ሽቅብ፣ ሽሮ ሜዳ።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ ነው፤ ለዋዜማ የሚጠቅመውም የማይጠቅመውም አለ። ጥልፍ የሚሠራለት አዲስ ቀሚስ በዚያ ቀን ማዘዝ ዘበት ነው፤ እሱ ሳምንታት ይፈልጋል። ነጠላ፣ የልጅ ልብስ፣ የተዘጋጀ ቀሚስ ግን ይገኛል፤ ረዝሞ ከተገኘም እዚያው ልብስ ሰፊ ያሳጥረዋል። የሙሽራዋ ቤተሰብ አንድ ዓይነት ጥለት መርጦ ከሆነ ቁራጩን ወይም ፎቶውን ይዞ መሄድ ነው፤ ቃል ብቻ ይዞ የሄደ «አረንጓዴ» ብሎ ሃያ አረንጓዴ ይወርድለታል። የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ቤት መመለስ አለበት። ሹሩባ የምትሠራ ካለች ወረፋዋ አሁን ነው፤ እሑድ ጠዋት የውበት ሳሎኖቹ የሙሽሮችና የሚዜዎች ናቸው።

ሌሎቹስ?

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀ ሰፊ ግቢ ነው። ዓርብ ቀደም ብሎ የገባ፣ ወይም ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን የሚቆይ ቤተሰብ ያየዋል፤ የምኒልክ ሐውልትና የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል እዚያው ናቸው። አንድነት ፓርክ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሆኖም የምኒልክን የግብር አዳራሽ ያየ ሰው ስለ ድግስ ያለው አስተያየት ይለወጣል። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በእርግጥ መታየት አለበት፤ የሠርግ ዋዜማ ላይ ግን አይደለም። የሞቱት ልጆች ፎቶግራፍ ግድግዳ ሞልቶ ነው የሚጠብቀው። ከቤቱ ሽማግሌዎች መካከል የራሱን ሰው እዚያ የሚፈልግ ሊኖር ይችላል።

እሑድ

እሑድ ሙዚየም የለም። በጠዋቱ የቤት ሥርዓትና በአዳራሹ መካከል ክፍተት አለ፤ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሡ መናፈሻ ሲሄዱ እንግዳው ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። አንዳንዱ ብልጥ በዚያ መሃል ደርሼ ልምጣ ይላል። ከሠርግ አጀብ ጋር መንገድ የተጋፋ ሰው ሰዓት አይጠብቅም፤ ከዚህም በላይ የቤተሰብ ፎቶው የሚነሣው ሳይታሰብ ነው። «የአጎትየው ልጆች የት አሉ?» ሲባል ያልተገኘ፣ አልበሙ በተገለጠ ቁጥር ይጠየቃል።

የሙሽራዋ ወገን የሆነ እንግዳ ሙሽራው ከመድረሱ በፊት በር ላይ መገኘት አለበት፤ በር ማገዱ፣ ሽቶ መጠየቁ፣ ግፊያው ካመለጠ የሠርጉ ግማሽ አመለጠ። ለስጦታ የሚሆነው ገንዘብ ከቤት ሳይወጣ በፖስታ ታሽጎ ስም ይጻፍበት፤ ቤተሰቡ በአንድነት ከሰጠ የቤተሰቡ ስም። አዳራሽ ውስጥ እስክርቢቶ ፍለጋ መዞር የተለመደ ትርምስ ነው። ተክሊል ላይ የሚገኝ ሰው ነጭ ልብስና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርግ።

መልሱ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከሆነና ሁሉም መቆየት ካልቻለ፣ ከቤተሰቡ አንድ ትልቅ ሰው ወክሎ ይቀራል፤ ይህም ለሙሽራዋ እናት እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ይነገራል። ልጆቹን ይዞ የሚመለሰው እሑድ ሌሊት አይነሣም። የሰኞ ንጋት አውቶቡስ ትኬት ዓርብ፣ ገና ከአውቶቡስ ሲወረድ፣ መናኸሪያው ላይ ይቆረጣል፤ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን እሑድ ማታ የሚፈልገው ወንበር አያገኝም።