መሳቢያችሁን ክፈቱ

ብዙ የድሬዳዋ ቤት ውስጥ አንድ የቆመ የእጅ ሰዓት አለ። የአባት ሮመር ይሆናል፣ የአጎት ሲኮ ፋይቭ፣ ወይም በጅቡቲ በኩል የመጣ ሲቲዝን። ከድሮ ፎቶና ጊዜው ካለፈበት መታወቂያ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ እንዳይጣል የሰው ትዝታ አለበት፣ እንዳይታሰር አይሠራም። ዛሬ አውጡት። እንዲህ የተቀመጠ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የተሰበረ አይደለም። ዘይቱ ደርቆ፣ አቧራ ገብቶበት፣ ላብ ዘልቆት ነው የቆመው። ይህን ደግሞ የሰው እጅ ያስተካክለዋል። የእናንተም እጅ ሊማረው ይችላል።

እስኪ ውስጡን እንየው። የሚሞላ ሰዓት ስትሞሉ ሞላው፣ ያ ረጅምና ስስ የብረት ጥብጣብ፣ በክብ ቤቱ ውስጥ ይጠቀለላል። ተመልሶ ሲፈታ ጥርሳም ጎማዎቹን ይገፋል። ጎማዎቹ በአንድ ትንፋሽ ተሽከርክረው እንዳይጨርሱ አንዲት ሹካ መሳይ ክፍል እየያዘች ትለቃቸዋለች፤ እሷን የምታዝዘው ደግሞ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው ሚዛን ናት። በብዙዎቹ የድሮ ሰዓቶች ሚዛኗ በሰዓት 18,000 ጊዜ ትመታለች፤ በቀን 432,000 ጊዜ መሆኑ ነው። ሲኮ ፋይቭ ላይ በሰዓት 21,600 ይደርሳል። ገጹ ላይ «17 ጁዌልስ» ተብሎ የሚጻፈው የጎማዎቹ ቀጫጭን ዘንጎችና ሌሎች የሚፋተጉ ክፍሎች እንዳይበሉ የተገጠሙትን ሰው ሠራሽ የሩቢ ድንጋዮች ብዛት ነው። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ የሚኖረው በመርፌ ጫፍ በምትነካ ዘይት ነው። የድሬ ሙቀትና አቧራ ያችን ዘይት ቶሎ ያባክናታል፤ ማዞሪያው ሥር ያለችው ጎሚኒ ካረጀች ደግሞ ላባችን መንገድ ያገኛል። አያያዛችሁ ደህና ሆኖ ሳለ ሰዓታችሁ ቢቆም አትደነቁ፤ እንክብካቤ የሚሻ ነገር ነው።

ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያችሁ ያዙት የምለው ገንዘብ ያመጣል ብዬ አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ አንድ ፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለጨረታ ቀርቦ ከተነሳ በኋላ፣ በ2017 ጄኔቫ ላይ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል፤ የእኛ ሰዓት እንዲህ አያደርገንም። እኔን የሚያጓጓኝ ሌላ ነገር ነው። ስልክ ትኩረታችንን ሸራርፎ ወስዶታል፤ አንድ ገጽ አንብበን ሳንጨርስ እጃችን ወደ ኪስ ይገባል። ክፍት ሰዓት ፊት ስትቀመጡ ግን ዓይናችሁ፣ ትንፋሻችሁና ጣታችሁ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ካልተሰበሰቡ ከሰሊጥ የምታንስ ብሎን ተፈናጥራ ትጠፋለች። ማንም ሳይቆጣችሁ፣ ማንም ሳይመክራችሁ ትዕግሥት ታወጣላችሁ። የቆመው ሚዛን በድንገት መወዛወዝ ሲጀምር የሚሰማችሁን ደስታ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ከፊታችሁ ያነበዋል!

ደግሞ የት ከተማ እንዳለን አንርሳ። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ተራራው አስቸገረና በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማው በዙሪያው በቀለ። የምድር ባቡሩ ዎርክሾፕ ውስጥ የሠሩ ሰዎች ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን መለዋወጫ በቶርኖ እየቀረጹ፣ ከሌላው እየፈቱ እያጋጠሙ፣ አሮጌዎቹን ማሽኖች ለአሥርት ዓመታት አቆይተዋል። «ይህ አብቅቶለታል» ተብሎ የተተወን ነገር ፈትቶ ማየት ለዚህ ከተማ እንግዳ ጠባይ አይደለም። ከዚያ ዎርክሾፕ ጡረታ የወጣ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ ይህ እጅ በቤታችሁ አለ።

ባቡርና ሰዓት ደግሞ የቆየ ዝምድና አላቸው። በ1891 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ኪፕተን በምትባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰው አለቀ። ሲተረክ እንደኖረው የአንደኛው ነጂ ሰዓት ለ4 ደቂቃ ያህል ቆሞ፣ ሳይታወቀው እንደገና መሄድ ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ዌብ ቦል የተባለ ሰዓት ነጋዴ የባቡር ሠራተኞችን ሰዓት እንዲመረምር ተሾመ፤ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ የሚያዛባ ሰዓትም ከሥራ ይወገድ ጀመር። ልብ በሉ፣ ይህ ልክ የተጠበቀው በሞላና በጥርስ ብቻ ነው፤ ባትሪ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ።

እንዴት ልጀምር ለምትሉ፣ በመስታወቱ ጀምሩ። የድሮ ሰዓቶች መስታወት ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ጥቂት የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አድርጋችሁ በትንንሽ ክብ ብታሹት ጭረቱ እየጠፋ ገጹ ብቅ ይላል። ሲኮዎቹ ብዙ ጊዜ እውነተኛ መስታወት ስላላቸው በዚህ አይሆንላቸውም። አንድ ከሰዓት በኋላ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያ ድላችሁን ታያላችሁ፤ ይህች ድል ወደ ውስጥ ለመግባት ድፍረት ትሰጣለች።

ለውስጡ ግን የአባታችሁን ሰዓት አትንኩ፤ ርካሽና የማትሳሱለት ይሁን። ከታይዋን ገበያ የትንንሽ ካቻቢቴ ስብስብ፣ ጫፉ ስል የሆነ ወረንጦና ዓይን ላይ የሚገጠም ማጉያ መነጽር ፈልጉ። ከመፍታታችሁ በፊት የሞላውን ጉልበት ቀስ ብላችሁ አስለቅቁት፤ ተጠቅልሎ ሳለ ሹካዋን ከነቀላችሁ ጎማዎቹ በርረው ጥርሳቸው ይጎዳል። እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ስልኩ እዚህ ላይ ታማኝ አገልጋይ ነው። የስፌት መኪና ዘይት አትጨምሩበት፣ ለሰዓት የተሠራው ብቻ ነው የሚበጀው፤ እንደ ፀጉር ወደቀጠነችው የሚዛን ሞላ ደግሞ እሱም አይጠጋ። አንድ ነገር በጽኑ ላስጠንቅቅ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 በፊት የተሠራ፣ በጨለማ እንዲያበራ ቀለም የተቀባ ገጽ ሬዲየም ሊኖርበት ስለሚችል አትፋቁት፣ አቧራውንም አትተንፍሱ። እንዲህ ያለውን ሰዓት ሳትከፍቱ አስቀምጡት።

በድሬ ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ዕረፍት ለጥናትና መስታወት ለማሸት ይመቻል። ለመፍታት ግን አይሆንም፤ ቬንትሌተር ካላጠፋችሁ ንፋሱ ብሎኑን ይወስደዋል፣ ካጠፋችሁ ላብ ጎማው ላይ ይንጠባጠባል። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ብርሃኑ ጥሩ፣ ቤቱም ጸጥ ያለ ነው።

ብቻችሁንም አይደላችሁም። በከተሞቻችን የመስታወት ሳጥን ፊት ለፊቱ አድርጎ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚሠራ ሰዓት ሠሪ አሁንም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ጃፓን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ስትሸጥ የሞያው መሠረት ተናጋ፤ በስዊዘርላንድ እንኳ 90,000 ገደማ የነበረው የሰዓት ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። ከዚያ ስልክ መጣ። የእኛም ሰዓት ሠሪ ዛሬ ቀኑን የሚያሳልፈው ባትሪና ማሰሪያ በመቀየር ነው፤ ትልቁ ዕውቀቱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሂዱና «አቦ፣ ስትከፍተው አጠገብህ ልቀመጥ?» በሉት። ለጥገናው ብቻ ሳይሆን ለሚያስተምራችሁም ክፈሉት። ደስ ይለዋል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ፤ ለዓመታት ያልተጠየቀውን ነው የምትጠይቁት።

ሰዓታችሁ ሲነሳ በስልካችሁ ደቂቃና ሰከንድ ልክ ሙሉትና በገጹ አስተኙት። በ24 ሰዓቱ ስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደቀረ ደብተር ላይ ጻፉ። በማግስቱ በጀርባው፣ ቀጥሎም ማዞሪያውን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጋችሁ ደግሙት። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ አትሸበሩ፤ ስፒከር ወይም ሌላ ማግኔት አጠገብ ውሎ የሚዛኗ ሞላ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሠሪው ማግኔቱን ያስለቅቀዋል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። አሮጌው ሰዓት ከዚያ ውስጥ 30 ሰከንድ ብቻ ካዛባ እጃችሁ በደንብ ሠርቷል፤ አሁን የአባታችሁን ሮመር መክፈት ትችላላችሁ።