ዜማው አያታልሽ

ቆይ እስኪ፣ ጣትሽን ከፊደል ገበታው ላይ አንሺ። አሁን ልጁ ያነበበልሽ መሰለሽ? ዘፈነልሽ እንጂ! የኔም ትልቁ በ4 ዓመቱ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድ ሳያስቀር ይወርደው ነበር፤ እኔ ደግሞ ጎረቤት በመጣ ቁጥር አስወርደዋለሁ። አንድ ቀን መሐል ላይ «ቀ»ን አሳይቼ «ይቺ ማን ናት?» ብለው ዝም። ቀስ ብሎ ከ«ሀ» ጀምሮ በሹክሹክታ ሲወርድ መጣና «ቀ»ንም ሳያውቃት አልፏት ሄደ። ያን ቀን እንዴት እንዳፈርኩ!

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ዱሮ ነቅተውበታል። ልጁ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዷ ከሌላ ቤት የመጣች ናት፤ የለመደው ዜማ አያደርሰውም፣ ዓይኑን መክፈት አለበት።

አንቺ ግን 231ዱንም ፊደል ዛሬ አትጫኚበት። የ«በ»ን ቤት ብቻ ያዢ። «ቡ» ወገቧ ላይ ክንድ አወጣች፣ «ቢ» ጫማ አደረገች፣ «ባ» አንድ እግሯ አጠረ፣ «ቤ» አልቦ አጠለቀች በይው። ሌላ ቀን «ሌ»ን ስታሳዪው «እሷም አልቦ አላት!» ካለሽ፣ ያኔ ማንበብ ጀመረ ማለት ነው። እንደ «ረ» ያሉትን አመጸኞች ለኋላ አቆዪያቸው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለምን አንድ ሆኑ ብሎ ከጠየቀሽ ደግሞ፣ ዱሮ በግዕዝ ድምፃቸው ይለያይ ነበር በይውና እለፊ።

እርሳስ ለማስያዝስ ምን አስቸኮለሽ? ጣቱ ገና ነው። ሰፌድ ላይ ዱቄት ነስንሺለትና በጣቱ ይጻፍ። ሲያዛጋ ካየሽ አጥፊና ተነሺ፤ ለዚህ ዕድሜ 10 ደቂቃም ብዙ ነው።

ቁጥሩም እንደዚሁ ነው። እስከ 20 ይቆጥራል አላልሽኝም? እስኪ 5 ባቄላ አምጣልኝ በይው፤ እፍኙን ሞልቶ ይመጣል።

በይ ጀበናው ሊገነፍል ነው። ስኒውን እሱ ያቅርብ፤ ለአያቱ አንድ፣ ላንቺ አንድ፣ ለኔ አንድ። አንድ ቢጎድል ዝም በይ፤ ራሱ አይቶ ያምጣ።