የሱቅዎ ስም ዙሪያውን ለምን ነጭ አወጣ?

ፉትስክሬይ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ሱቅ ያለዎት ወይም ለታክሲዎ ካርድ የሚያሳትሙ ከሆነ፣ በቀይ ወይም በአረንጓዴ መደብ ላይ ያረፈው የአማርኛ ጽሑፍ ዳር ዳሩን ነጭ ጭረት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው አታሚውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተላከው ምስል ነው።

የኮምፒዩተር ምስል የጥቃቅን ነጠብጣቦች ስብስብ ነው። የፊደሉ ጎን እንደ ደረጃ እንዳይሰበር፣ ፕሮግራሙ ዳር ያሉትን ነጠብጣቦች የፊደሉንና የመደቡን ቀለም ቀላቅሎ ይቀባቸዋል። ጽሑፉ በነጭ ላይ ከተሠራ ዳሩ ከፊሉ ነጭ ነው። ነጩ መደብ ተቆርጦ ፊደሉ ቀይ ላይ ሲለጠፍ ያ ቅልቅል አብሮ ይሄዳል። የእኛ ፊደል ቀለበትና ጠባብ ቀዳዳ ስለሚበዛበት (ቋንና ጨን ይመልከቱ) ጉድፉ ቶሎ ያስታውቃል።

ስለዚህ ጽሑፉ ከመጀመሪያው በሚታተምበት ቀለም ላይ ይሠራ። ጄፔግ አይላኩ፤ መደብ አልባ ምስል አይዝም፣ በፊደሉ ዙሪያም ቆሻሻ ይተዋል። ለሰሌዳ ከሁሉ የሚሻለው ፊደሉ ወደ መስመር ቅርጽ ተለውጦ በፒዲኤፍ ሲላክ ነው። የቱንም ያህል ቢያድግ አይሻክርም፤ አታሚው የግዕዝ ፎንት ባይኖረውም ወደ ባዶ ሳጥን አይለወጥም። ለካርድ ያለዎት ምስል ብቻ ከሆነ በሚታተምበት መጠን በኢንች 300 ነጠብጣብ ይኑረው።

የሙከራ ማሳያውን በስክሪን 400 በመቶ አጉልተው ሳያዩ አይፈርሙ። በጂኤስቲ የተመዘገበ ሰው (ታክሲ ነጂ ገቢው ቢያንስም መመዝገብ ግዴታው ነው) የታክስ ደረሰኝ ይዞ ከ660 ዶላር ሰሌዳ 60ውን ያስመልሳል፤ ፈርመው ያጸደቁት ሰሌዳ ተበላሽቶ እንደገና ሲሠራ ግን ሌላ 600 ከኪስዎ ይወጣል።