«ተጠያቂ አይደለንም» የሚል ውል የመጨረሻ ቃል ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ወርቅ ጤፍ እነግዳለሁ። በስልክ ቁጥሬ ሌላ ሰው ምትክ ሲም ካርድ አውጥቶ የሞባይል ገንዘቤን ወሰደብኝ። ኩባንያው «ተጠያቂ እንደማንሆን ውሉ ላይ ፈርመዋል» አለኝ። በዚሁ አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃም። ውል የሚጸናው ሕግ እስከፈቀደለት ድረስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። ሠራተኛው መታወቂያ በወጉ ሳያመሳክር ሲሙን ሰጥቶ ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። የምሥጢር ቁጥርዎን ለሰው ነግረው ከሆነ ግን ክርክሩ ይከብድብዎታል።

መስመርዎ የተቋረጠበትን ሰዓትና ገንዘቡ የወጣበትን የግብይት ቁጥር መዝግበው ይያዙ፤ መልእክቶቹን አያጥፉ። አቤቱታዎን በጽሑፍ መጀመሪያ ለኩባንያው ያቅርቡ፤ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃም ይቀበሉ። መልሱ ካላረካዎት የመስመሩን ጉዳይ በአዋጅ 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የገንዘቡን ለብሔራዊ ባንክ ያመልክቱ። ለፖሊስም ያሳውቁ። ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚቀርብ የካሳ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ አይዘግዩ።

ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ከለላ በውል ብቻ ሳይሆን በሕግም ሊመጣ ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በተካሄደ የስልክ ጠለፋ የተባበሩ የስልክ ኩባንያዎችን ከተጠያቂነት ስለከለለ የደንበኞች ክሶች ተዘግተዋል። እኛ ዘንድ አዋጅ 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ሲያረቁ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ኩባንያን ከካሳ የሚከልል ረቂቅ ሲወጣ እርስዎም፣ ጎረቤት ነጋዴዎችም ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አስገቡ። ከጸደቀ በኋላ ማስለወጥ እጅግ ይከብዳል።